ምዕራፍ ሰባት፦ ውሃ እየገባበት የማይሰምጥ ታንኳ

ቀልድ ሲደገም ይሞታል ይባላል። አንድ ጨዋታ አዋቂ ሰው ሁላችንንም አስቆን ሲያበቃ፣ ዘግይቶ ለመጣ እንግዳ ያንኑ ቀልድ እንደገና ሲጀምርለት ቀድመን የሰማነው ፈገግ ብለን እናዳምጣለን እንጂ እንደ መጀመሪያው አንስቅም። በአራተኛው ምዕራፍ ያየነው የሳቅ ማብራሪያም ይህንኑ የሚደግፍ ይመስላል። አእምሯችን አንድ ነገር ሲጠብቅ ሌላ ይመጣበታል፤ በጠበቀውና በመጣው መካከል ያለው ርቀት ሳቅ ይሆናል ብለን ነበር። የሚመጣውን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ታዲያ በምን ይስቃል?

ይስቃል እንጂ። ሚስተር ቢን ከ1990 እስከ 1995 የተሠራ የብሪታንያ ኮሜዲ ነው፤ ክፍሎቹም 15 ብቻ ናቸው። (በዚህ ምዕራፍ የውጭ ሥራዎች ዘመን በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የእኛዎቹ ደግሞ በእኛው ዓ.ም. ተጽፈዋል።) ባሕር ዳር ላይ ያንን ሰው የማያውቅ ልጅ ማግኘት ይከብዳል። ልጆቹ የሚያዩት በየጊዜው አዲስ ነገር ስለሚመጣላቸው አይደለም፤ እነዚያኑ ጥቂት ክፍሎች እየደጋገሙ ነው። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለዓመታት የታየው የጥላሁን ጉግሳ ‹‹ቤቶች›› ድራማም እንዲሁ ነው፤ የቆዩ ክፍሎቹን ከዩቲዩብ ላይ ፈልገው ለሦስተኛና ለአራተኛ ጊዜ የሚያዩ ቤተሰቦች አሉ። ወላጆች ገና ተዋናዩ አፉን ሳይከፍት ‹‹አሁን እኮ ምን እንደሚል ታውቃላችሁ!›› ብለው ይስቃሉ።

ስለዚህ ድንገተኛነት ብቻውን ሁሉንም ሳቅ አያስረዳም። ይህ ምዕራፍ ሳይሰለች የሚደጋገመውን፣ ማንንም የማይጎዳውን፣ የቤትና የጎረቤት ኮሜዲ ይመለከታል።

ስለ የትኛው ኮሜዲ ነው የምናወራው?

ሲትኮም የሚባለው የቴሌቪዥን ኮሜዲ በየሳምንቱ ተመሳሳይ ሰዎችን፣ ተመሳሳይ ቦታ ላይ፣ አዲስ ችግር ውስጥ የሚያስገባ ነው። እያንዳንዱ ክፍል ብዙውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ችግሩ እዚያው ተፈጥሮ እዚያው ይፈታል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሰዎቹ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ እዚያው ሶፋ ላይ ይገኛሉ።

ብሪታንያውያን ከዚህ ዓይነቱ ውስጥ አንድ ለስላሳ ዘር አሳድገዋል። ስድብ የለውም፣ ደም የለውም፣ ክፉ ሰው የለውም ማለት ይቻላል። ‹‹ላስት ኦፍ ዘ ሰመር ዋይን›› የተባለው ከ1973 እስከ 2010 ድረስ 37 ዓመት ቆይቷል። በዮርክሻየር ኮረብታዎች ላይ ሥራ ፈትተው ስለሚዞሩ አዛውንቶች ነው፤ 295ቱንም ክፍሎች ሮይ ክላርክ የሚባል አንድ ሰው ጻፋቸው። ታሪኩ ይህ ነው ብሎ ማውራት ያስቸግራል፤ ሽማግሌዎቹ ይራመዳሉ፣ ይጨዋወታሉ፣ የሆነ የልጅ ሥራ ይሞክሩና ይወድቃሉ። አመሻሽ ላይ በጣና ዳር የሚንሸራሸሩ ጡረተኞቻችንን ያየ ሰው ግን እነዚህን አዛውንቶች ለማወቅ አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

የታንኳው ምስጢር

የዚህ ምዕራፍ ዋና ሐሳብ አንድ ነው፤ እሱን ለማስረዳት ወደ ሐይቁ መውረድ ይሻላል።

የጣና ታንኳ ከደንገል ይሠራል። ነገደ ወይጦ የዚህ ሙያ ባለቤቶች ናቸው። ከዘጌ ማገዶ ተጭኖበት ወደ ባሕር ዳር ገበያ ሲመጣ ያየው ሰው አንድ ነገር ይገርመዋል፤ ውሃ በደንገሉ መካከል እየሰረገ ይገባል፣ የቀዛፊው እግር ይርሳል፣ ታንኳው ግን አይሰምጥም። ከሳንቃ የተሠራ ጀልባ የሚንሳፈፈው ውሃው ከውጭ እስከቀረ ድረስ ነው፤ ተቀድዶ ከሞላ ያልቅለታል። ታንኳ ግን ውሃን አይከለክልም። የሚያንሳፍፈው አገዳው ራሱ ነው፤ በደንገሉ ውስጥ የታመቀው አየር። ደኅንነቱ ከተሠራበት ነገር ይመነጫል።

አሁን ወደ ሳይንሱ እንመለስ። በ2010 ፒተር መግሮው እና ኬለብ ዋረን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች አንድ ሐሳብ አቀረቡ። ሳቅ የሚመጣው ሁለት ነገሮች በአንድ ጊዜ ሲገናኙ ነው አሉ። አንደኛው፣ አንድ ሥርዓት ሲጣስ ነው፤ ደንብ፣ ጨዋነት፣ ልማድ፣ የሰው ክብር፣ ምንም ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው፣ ጥሰቱ ጉዳት እንደሌለው ስንተማመን ነው። ጥሰት ሳይኖር ደኅንነት ብቻ ካለ እንሰለቻለን። ደኅንነት ሳይኖር ጥሰት ካለ እንፈራለን ወይም እንቆጣለን። ሁለቱ ሲገጥሙ እንስቃለን። ሐሳቡን ‹‹ጉዳት አልባ ጥሰት›› ልንለው እንችላለን።

ይህን በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ባሕር ዳር ውስጥ አንድ አዝማሪ ቤት ይግባ። አዝማሪው መሰንቆውን እየገዘገዘ እንግዶቹን በየተራ ያነሳል። የአንዱን መላጣ፣ የሌላውን ቦርጭ፣ የሦስተኛውን ገንዘብ አለማውጣት በግጥም ያደርገዋል። ቤቱ በሳቅ ይናጋል። ከሁሉም አብልጦ የሚስቀው ብዙ ጊዜ የተነካው ሰው ነው፤ ተነሥቶም ብር ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። ያንኑ ቃል አንድ መንገደኛ ከበሩ ውጭ ቢናገረው ጠብ ይነሣ ነበር። ቃሉ አልተለወጠም፣ መላጣውም ያው ነው። የተለወጠው ነገር ቤቱ፣ መሰንቆውና አዝማሪ ሊነካካ እንደተፈቀደለት ሁሉም ማወቁ ነው።

ለስላሳው ሲትኮም ታንኳ ነው የምለው ለዚህ ነው። በየክፍሉ ውሃ ይገባል፤ ውሸት ይነገራል፣ ሰው ይዋረዳል፣ ባልና ሚስት ይኳረፋሉ፣ የተበደረ ገንዘብ ይጠፋል። ደራሲው ይህን አይከለክልም፤ ከከለከለ ኮሜዲ የለም። የሚያንሳፍፈው ሰዎቹ የተሠሩበት ነገር ነው። ክፋት የሌለባቸው፣ እርስ በርስ መለያየት የማይችሉ፣ ከስሕተታቸውም የማይማሩ ሰዎች ናቸው። ከእነዚህ ሰዎች የተሠራ ታሪክ ምንም ቢናወጥ እንደማይሰምጥ ተመልካቹ ከመጀመሪያው ደቂቃ ያውቃል።

የመጨረሻውን ነጥብ ላስምርበት፤ አለመማራቸው የደራሲው ድክመት የሚመስላቸው አሉ። ደንገል ውሃ ውስጥ ብዙ ከቆየ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ መንሳፈፉም ይቀንሳል፤ ስለዚህ ታንኳው ወደ ዳር ወጥቶ ፀሐይ ላይ መድረቅ አለበት። ሲትኮምም በየክፍሉ መጨረሻ ወደ ዳር ይመለሳል። ሰዎቹ ካለፈው ሳምንት ቁስል ጋር ቢቀጥሉ፣ ከአሥር ሳምንት በኋላ የምናየው ተስፋ የቆረጠ ቤተሰብ ይሆን ነበር። እሱም ጥሩ ድራማ ሊሆን ይችላል፤ የሚያስቅ ግን አይደለም።

ጦርነት ውስጥ የሚያስቁ ሽማግሌዎች

ለዚህ ሐሳብ ከሁሉ የከበደው ፈተና ‹‹ዳድስ አርሚ›› ይመስለኛል፤ ስሙ ‹‹የአባዬ ጦር›› እንደማለት ነው። ቢቢሲ ከ1968 እስከ 1977 ያስተላለፈው ሲሆን 80 ክፍሎች አሉት። ጊዜው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው፤ ከ1940 በኋላ ጀርመን ብሪታንያን ልትወር ትችላለች የሚባልበት አስፈሪ ወቅት። በዕድሜ የገፉ፣ ለመደበኛው ጦር ያልበቁ ወይም በሥራቸው ምክንያት ያልዘመቱ ወንዶች በየመንደሩ በበጎ ፈቃድ ተሰልፈዋል። ከሁለቱ ጸሐፊዎች አንዱ ጂሚ ፔሪ በወጣትነቱ ራሱ በዚያ ኃይል ውስጥ ነበረ፤ ሁለተኛው ዴቪድ ክሮፍት ነው።

በአንዲት የባሕር ዳርቻ ከተማ የባንክ ሥራ አስኪያጁ ሜንዌሪንግ ራሱን ሻምበል አድርጎ ይሾማል። ምክትሉ ሳጅን ዊልሰን ባንክ ውስጥም የሱ ታዛዥ ነው፤ ነገር ግን ዊልሰን ከትልቅ ቤት የተወለደ፣ አነጋገሩ የለሰለሰ፣ ሰው የሚወደው ነው። ሜንዌሪንግ ይህ ያንገበግበዋል። ሥልጣኑ የሱ ነው፤ የትውልድ ጨዋነቱ ግን የዊልሰን ነው። የአሥር ዓመቱ ሳቅ ግማሽ የተቀዳው ከዚህች ትንሽ ቁስል ነው።

ከብሪታንያ ሕዝብ አፍ የማይጠፋ አንድ ትዕይንት አለ። የተማረኩ የጀርመን ባሕር ሰርጓጅ መርከብ ወታደሮች በነዚህ ሽማግሌዎች እጅ ወድቀዋል። ፓይክ የሚባለው ለጋ ወጣት በሂትለር ላይ ሲያላግጥ የጀርመኑ አዛዥ ይቆጣና ስሙን ለበቀል ሊመዘግብ ይጠይቀዋል። ሜንዌሪንግ ደንግጦ ልጁን ‹‹እንዳትነግረው!›› ይለዋል፤ ሲለው ግን በስሙ ጠርቶ ነው።

ይህን ትዕይንት ሰው ሃምሳ ዓመት ሙሉ ይስቅበታል። የቃሉን መጨረሻ የማያውቅ የለም። ጥሰቱ ከባድ ነው፤ ጠላት አለ፣ የበቀል መዝገብ አለ፣ አንድ ልጅ አደጋ ላይ ነው። ነገር ግን ከነዚያ ሽማግሌዎች መካከል አንድም ሰው በጦርነቱ እንደማይሞት፣ የሜንዌሪንግ ኩራትም ለወታደሮቹ ካለው ፍቅር እንደማይበልጥ እናውቃለን። መጀመሪያ ስናየው ያሳቀን ድንገተኛነቱ ነበር። በአሥረኛው ጊዜ ያ አልቋል፤ በምትኩ እርግጠኝነቱ አሥር እጥፍ ሆኗል። የምዕራፉ መጀመሪያ ላይ የጠየቅነው ጥያቄ መልሱ እዚህ ላይ ነው። ሲደገም ድንገቱ ይቀንሳል፣ ደኅንነቱ ግን ያድጋል፤ ለስላሳው ኮሜዲ ደግሞ ከመጀመሪያውም ይበልጥ የተደገፈው በሁለተኛው ላይ ነው። በድንገት ላይ ብቻ የቆመ ቀልድ ግን በሁለተኛው ቀን ይወድቃል።

ይሉኝታ፦ ሁለቱ አገሮች የሚገናኙበት

ታዲያ ለስላሳው ኮሜዲ የሚጥሰው ሥርዓት የትኛው ነው? ሰው አይገደልም፣ ቤት አይቃጠልም። እኔ በዚህ ረገድ ብሪታንያና የእኛ አገር ከሚታሰበው በላይ ይቀራረባሉ ብዬ አምናለሁ፤ የሚያቀራርባቸውም ይሉኝታ ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ ለሌላ ጉዳይ ጎረቤት የገባ አንድ ሰው እናስብ። ርቦታል። መሶቡ ቀርቧል፣ የዶሮው ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። ‹‹ና እንብላ›› ይሉታል። ‹‹ኧረ አሁን በልቼ ነው የመጣሁ›› ይላል። ‹‹በሞቴ!›› ይሉታል። ‹‹በእውነት ጠግቤያለሁ›› ይላል፤ ሦስተኛው ልመና እንደሚመጣ እርግጠኛ ስለሆነ ሁለተኛውን መግፋት ጨዋነት ነው። ሦስተኛው ልመና ግን ሳይመጣ ይቀራል። የቤቱ እመቤት አምናዋለች። ሰውየው አሁን ወደ ኋላ መመለስ አይችልም፤ እየዋጠ ስለ ዝናቡ ያወራል። በዚህ መካከል አንድ ሕፃን፣ ‹‹እማዬ፣ ጋሼ ከመጣ ጀምሮ ወጡን ብቻ ነው የሚያየው›› ይላል።

ሲትኮም ማለት ይህ ነው። ማንም አልተጎዳም፤ ሰውየውም ቢሆን መጨረሻ ላይ ይበላል። ነገር ግን አንድ ትልቅ ነገር ተንዷል፤ ሁላችንም በየቀኑ ተጠንቅቀን የምንይዘው የጨዋነት መጋረጃ። ሥነ ሥርዓት በበዛበት ማኅበረሰብ ውስጥ የሚጣሱ ትንንሽ ደንቦች ይበዛሉ፤ ስለዚህ የለስላሳ ኮሜዲ ማገዶ አያልቅበትም። ብሪታንያ እንዲህ ያለ አገር ናት፤ ጎጃምና በጌምድርም እንዲሁ።

ሮይ ክላርክ ከ1990 እስከ 1995 የጻፈውን ‹‹ኪፒንግ አፕ አፒራንስስ›› የተባለ ሲትኮም እንመልከት። ፓትሪሺያ ራውትሌጅ የምትጫወታት ሃያሲንት ከድሃ ቤት ተወልዳ ትልቅ ሰው ለመምሰል የምትጥር ሴት ናት። ስኒዋ ውድ ነው፣ ግብዣዋ በሥነ ሥርዓት ነው፣ ስልክ የምታነሳው በተለየ ድምፅ ነው። የሚያሳፍሯት እህቶቿና አማቿ ግን ልክ የተከበረ እንግዳ ሲገባ በዚያ በተበላሸ መኪናቸው ከች ይላሉ። ጎረቤቷ እሷ ቤት ቡና ስትጠጣ እጇ እየተንቀጠቀጠ ስኒ ትሰብራለች። ቢቢሲ ለውጭ አገራት በብዛት ከሸጣቸው ፕሮግራሞች አንዱ ይህ ነው። የሆነውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሰው ቤቱ ሲመጣ የተደበቀው ነገር እንዳይታይበት የሚጨነቅ ቤተሰብ የሌለበት አገር የለም። ሃያሲንት በእኛ ሰፈር ብትኖር የእንግዳ ሳሎኗን ቆልፋ ልጆቿን ጓዳ የምታስቀምጥ እመቤት ትሆን ነበር።

ይህን ድልድይ ከእኛ በኩል በግልጽ የተሻገሩት መንግሥቱ ለማ ናቸው። የአለቃ ለማ ኃይሉ ልጅ ናቸው፤ የቤተ ክህነትን ጨዋታና ለዛ ከአባታቸው ቤት ይዘው ለንደን ሄደው ተማሩ። ሲመለሱ ‹‹ያላቻ ጋብቻ›› እና ‹‹ጠልፎ በኪሴ›› የተባሉትን ተውኔቶች ጻፉ። የእንግሊዛዊውን የፕሪስትሊን ተውኔትም ‹‹ጠያቂ›› ብለው ወደ አማርኛ አምጥተውታል። በ‹‹ያላቻ ጋብቻ›› ውስጥ የተማረ የትልቅ ቤት ልጅ ከአገልጋዩ ጋር ይጋባል፤ የዘመድ ይሉኝታ ይናጋል። በ‹‹ጠልፎ በኪሴ›› ውስጥ ደግሞ ጠለፋ የሚባለው ከባድ ነገር ይመጣል። ሁለቱም ርእሶች እንባ ሊሆኑ የሚችሉ ናቸው። መንግሥቱ ግን ሰዎቻቸውን ከደንገል ሠሯቸው። ታላቅነታቸው የሚነገረው ብዙ ጊዜ በግጥማቸው ነው፤ እኔ ግን በኮሜዲያቸው ነው የምለው። የአገራችን ለስላሳ ኮሜዲ በጽሑፍ ጥበብ ደረጃ የቆመው በእሳቸው እጅ ነውና።

ከቴሌቪዥን በፊት የነበረ ‹‹ተከታታይ››

የጣናን ምሥራቃዊ ዳርቻ ይዘው ወደ ፎገራ ቢሄዱ ናበጋ ጊዮርጊስ ይደርሳሉ። የአለቃ ገብረ ሐና አገር ነው። ከዐፄ ቴዎድሮስ እስከ ዐፄ ምኒልክ ዘመን የኖሩ ሊቅ ናቸው። በደብረ ታቦር የሚታወቀው የተክሌ ዝማሜ የሚነሳው ከእሳቸው ነው፤ ስሙን ያገኘው ግን ካስፋፋው ከልጃቸው ከተክሌ ነው። ዝማሜው የሐይቁን ማዕበልና በማዕበሉ የሚወዛወዘውን ደንገልና ሸምበቆ አይተው ያወጡት ነው ይባላል። ሕዝቡ የሚያስታውሳቸው ግን ይበልጥ በጨዋታቸው ነው።

ስለ አለቃ የሚወሩትን ጨዋታዎች አንድ ላይ ሰብስቦ ለሚያይ ሰው ነገሩ ሲትኮም ነው። ቋሚ ሰው አለ፤ አለቃ። ቋሚ ሚስት አለች፤ ወይዘሮ ማዘንጊያ። ቋሚ ቦታዎች አሉ፤ ቤታቸው፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ የግብዣ አዳራሹ፣ ቤተ መንግሥቱ። በየጨዋታው አዲስ ችግር ይመጣል፣ አለቃ በአንደበታቸው ይወጡታል፣ በሚቀጥለው ጨዋታ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። አለቃ ከትናንቱ ነገር ተምረው አንደበታቸውን የሚቆጥቡበት ቀን የለም። ሰሚውም አዲስ አይፈልግም፤ ‹‹እስቲ ያችን የአለቃን አምጣት›› ብሎ የሚያውቃትን ያስደግማል።

ሁሉም ጨዋታዎቻቸው ለስላሳ ናቸው ማለቴ አይደለም። አህያ ለምትነዳ ሴት ሰላምታውን በብዙ ቁጥር ሰጥተው ከአህያዋ ጋር የደመሯት ዓይነቱ ይናደፋል። ከሁሉም በላይ ሞቅ ብለው የቀሩት ግን ከማዘንጊያ ጋር ያሉት ይመስሉኛል፤ ምክንያቱም እዚያ ቤት ውስጥ ማን ቢሸነፍ ማታ አብረው እራት እንደሚበሉ እናውቃለን።

ስለታሙ ቀልድ

በሁለተኛው ምዕራፍ የበላይነት ሳቅን ስናነሳ ቀልድ መሣሪያም እንደሚሆን አይተናል። የአገራችን ዘመናዊ ቴአትር የጀመረው በእንዲህ ያለው ነው፤ የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት የእንስሳት ኮሜዲያ በሹማምንት ላይ ስላነጣጠረ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። በቅርቡም በፋና ቴሌቪዥን የታየው ‹‹ምን ልታዘዝ›› አንድ ካፌ ውስጥ ተቀምጦ የአገሩን ፖለቲካ ያነሳ ነበር። እንዲህ ያለው ሥራ ድፍረትን ይጠይቃል፣ ሊከበርም ይገባል። ዕድሜው ግን ከዜናው ጋር የተያያዘ ነው፤ ሹሙ ሲወርድ፣ ጉዳዩ ሲረሳ፣ ቀልዱ ማስታወሻ ይፈልጋል። ምሳ ሰዓት ላይ ርቦት ‹‹በልቻለሁ›› የሚለው ሰውዬ ግን ከሃምሳ ዓመት በኋላም ማስታወሻ አይፈልግም።

ደግመን ስናይ ምን እናገኛለን?

በ2009 ጄይ ዴሪክ፣ ሺራ ገብርኤል እና ከርት ሂውገንበርግ ያሳተሙት ጥናት አለ። ሰዎች የመገለል ወይም የብቸኝነት ስሜት ሲነካቸው የሚወዱትን የቴሌቪዥን ፕሮግራም ማሰባቸው ብቻ ስሜታቸውን እንደሚያሻሽልላቸው አሳዩ። ማንኛውም ፕሮግራም ግን ይህን አያደርግም፤ የሚወደደውና የሚታወቀው ነው። ዴሪክ ቀጥላ ደግሞ የደከመ አእምሮ የሚያውቀውን ታሪክ ደግሞ ሲያይ ወይም ሲያነብ እንደሚታደስ የሚያመለክት ሥራ አሳተመች። ምክንያቱ እንዲህ ነው፤ ከሰው ጋር መሆን ያሳርፈናል፣ ነገር ግን ከሰው ጋር መሆን ራሱ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የሚታወቅ ታሪክ ሰዎቹን ይሰጠናል፣ ጥንቃቄውን ያስቀርልናል። ሜንዌሪንግ አይከፋብንም፣ ማዘንጊያም ‹‹ምነው ጠፋህ›› አትለንም።

ይህን አንድ ወገን ብቻ የሚያውቀው ወዳጅነት ዶናልድ ሆርተን እና ሪቻርድ ዎል በ1956፣ ቴሌቪዥን ገና ልጅ ሳለ፣ ጽፈውበት ነበር። እንደ በሽታ የሚያዩት አሉ። እኔ አልስማማም። ባሏ ሞቶባት ልጆቿ ርቀው ብቻዋን የምትኖር አንዲት እናት ማታ ማታ የምታውቃቸው ሰዎች ሲጨቃጨቁ እያየች ብትስቅ፣ የምታገኘው እረፍት እውነተኛ ነው።

ሌላው ትርፍ አብሮ መሳቅ ነው። ሮበርት ፕሮቫይን የተባለው የሳቅ ተመራማሪ ሰው ከሌሎች ጋር ሲሆን ብቻውን ከሚሆንበት ጊዜ 30 እጥፍ ገደማ አብልጦ እንደሚስቅ አግኝቷል። የብሪታንያ ሲትኮሞች ለረጅም ጊዜ በስቱዲዮ ውስጥ ተመልካች ተቀምጦ የተቀረጹት ለዚህ ነው፤ ቤቱ ብቻውን የተቀመጠው ሰው የሌሎችን ሳቅ ይሰማል። እኛ ዘንድ ይህን የሚተካ ሌላ ነገር ነበረ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ቶምሰን በሚባል የብሪታንያ ኩባንያ እገዛ ከተቋቋመ በኋላ ለብዙ ዓመታት ቴሌቪዥን ያለው ቤት በሰፈሩ ጥቂት ነበር። የአለባቸው ተካና የልመንህ ታደሰ ቀልድ ሲተላለፍ ያ ቤት በጎረቤት ልጆች ይሞላል፤ ወለሉ ላይ፣ በሩ ላይ፣ መስኮቱ ላይ። ተመልካቹ ስቱዲዮ መሄድ ሳያስፈልገው ስቱዲዮው ሳሎን ይመጣል። የዚያ ትውልድ ሰው ዛሬ እነዚያን ቀልዶች ሲያይ የሚስቀው ቀልዱን ብቻ ይዞ አይደለም፤ አጠገቡ ተቀምጠው የሳቁትን ሁሉ ይዞ ነው።

የጠፉት ካሴቶች

እስካሁን ያልነው ሁሉ በአንድ ቀላል ነገር ላይ ይቆማል፤ ሥራው ተደግሞ የሚታይ መሆን አለበት። ድጋሚ ከሌለ ለስላሳ ኮሜዲ ዋናውን ኃይሉን አያገኝም።

ቢቢሲ ይህን ዘግይቶ ተማረ። በ1960ዎቹና 70ዎቹ የምስል ካሴት ውድ ስለነበረ የታየውን እያጠፉ በላዩ አዲስ ይቀርጹ ነበር። ኮሜዲ ደግሞ ቀላል ነገር ነው፣ ማን ደግሞ ያየዋል ተብሎ ብዙ ጠፋ። ከ‹‹ዳድስ አርሚ›› ሁለተኛ ዙር ከጠፉት ውስጥ ሁለት ክፍሎች በ2001 ተገኙ፤ ሦስቱ እስከ ዛሬ የሉም።

የእኛስ? ከ1980ዎቹ በፊት የነበሩ የመድረክና የቴሌቪዥን ኮሜዲዎቻችን ምን ያህሉ ተቀምጠዋል? ይህ ጥያቄ የሚመለከተው አዲስ አበባን ብቻ አይደለም። ባሕር ዳር የራሷ የቴአትር መድረክ አላት፣ የራሷ ቴሌቪዥን ጣቢያ አላት፣ አዝማሪዎች አሏት፣ በሐይቁ ዙሪያ ባሉ ደብሮች የአለቃን ጨዋታ ከአባቶቻቸው የሰሙ ሽማግሌዎች አሏት። የድሮ ካሴት በቁም ሳጥኑ ውስጥ ያለው ሰው አቧራውን ጠርጎ ወደ ዲጂታል ያስገልብጠው። የጣቢያ ኃላፊ የሆነ ሰው የታየውን ኮሜዲ ሳያጠፋ ያስቀምጥ። አያቱ ጨዋታ የሚያውቅለት ወጣት ስልኩን አውጥቶ ይቅረጸው፤ ቀኑን፣ ቦታውንና የተናጋሪውን ስም መጀመሪያ ላይ ያስነግር።